ልጄ፣ የምትለቀውን ዓሣ በወጉ ልቀቀው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናትህ እንደ ልማዷ "በልቶ ይሆን?" ትላለች።

"ሞንታና ውስጥ የያዘውን ዓሣ ወደ ውሃው መልሶ በመልቀቅ ፈንታ ወደ ቤት ይዞ የሚሄድ ሰው በክፉ ዓይን ነው የሚታየው" ያልከኝ ከሐሳቤ አልወጣም። ከጓደኞችህ ጋር ወንዝ መውረድህ ደስ ብሎኛል። ግን ዓሣ በልቶ ባደገው ቤትህ እንድታፍር አልፈልግም። እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። እዚያ በመንጠቆ የወጣ ቆሮሶ ወይ ጥብስ ይሆናል፣ ወይ ለብለብ። ማንም ለጨዋታ ብሎ አይዝም ነበር።

መልቀቅን አልቃወምም። ትልልቆቹ ሴቶች ብዙ እንቁላል ስለሚጥሉ እነሱን መመለስ ለውሃው ይበጃል። እኔም እዚህ ሚኒሶታ ከመጣሁ ጀምሮ እመልሳቸዋለሁ። የማልቀበለው የለቀቀ ሁሉ ንጹሕ፣ የበላ ሁሉ ጥፋተኛ የሚለውን ነው።

እዚህ ሚኒሶታ ያለውን ሚል ላክስ ሐይቅን ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ ዋልአይ የሚባለውን ዓሣ የያዘ ሁሉ እንዲለቅ ታዘዘ። ግን ተለቅቆ የሚሞትም አለ። ባለሙያዎቹ ያንን ገምተው ከኮታው ላይ፣ ማለትም እንዲያዝ ከተፈቀደው መጠን ላይ ይቀንሱታል። በ2017 ጁላይ ላይ፣ ውሃው ሲሞቅ ሞቱ ስለሚበዛ፣ ይዞ መልቀቁም ራሱ ለሳምንታት ተከለከለ።

አንተ ቅርብ ያለውን የሎውስቶን ሐይቅ ደግሞ ተመልከት። የአገሩን ዓሣ ካትስሮትን ከያዝክ መልቀቅ ግዴታ ነው። ሌይክ ትራውት ከያዝክ ግን መግደል ግዴታ ነው። ሌይክ ትራውት ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ካትስሮቱን ይበላዋል። ካትስሮት እንቁላል ለመጣል ወደ ጅረቶቹ ስለሚወጣ ድቡም ንስሩም ይመገቡታል። ሌይክ ትራውት ግን ከጥልቁ አይወጣምና ለእነሱ አይደርሳቸውም። እዚያ ሌይክ ትራውትን አዝኖ የለቀቀ ሰው ሐይቁን ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም።

ስለዚህ ከለቀቅክ በወጉ ልቀቅ። በመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቃት፤ ያኔ ሳይቀደድ ይወጣል። ዓሣውን ከመንካትህ በፊት እጅህን አርጥብ። ደረቅ እጅ ገላውን የሸፈነውን ልጋግ ይገፈዋል፣ እሱ ደግሞ ከበሽታ መከላከያው ነው። ለማድከም ብለህ አታንገላታው። ለፎቶ ብለህም አየር ላይ አታቆየው፣ ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ ነው። መንጠቆውን ከዋጠው ጎትተህ አንጀቱን አታውጣ፤ ክሩን ቆርጠህ ልቀቀው። ከስንጥቡ ደም ከፈሰሰና ሕጉ ከፈቀደልህ ግን ውሰደውና ብላው። አፍህን ሞልተህ "ይዤዋለሁ፣ እበላዋለሁ" በል። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ እናንተ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ማጥመድ የሚከለከልባቸው ወንዞች አሉ። ሕጉ ባይኖርም እንኳ በዚያ ሰዓት ተዋቸው፤ የሞቀ ውሃ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለጓደኞችህ ጠይቅልኝ። ለመብላት የሚያጠምድ ሰው እራቱ ሲሞላ ክሩን ይጠቀልላል። እየለቀቀ የሚውል ሰው መቼ ነው የሚበቃው? ሠላሳ ዓሣ ይዞ ሠላሳውን ለቀቅሁ የሚል ሰው ሁለት ይዞ ከበላው ይልቅ ብዙ ዓሣ ሊገድል ይችላል። ስዊዘርላንድ እኮ መልሶ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን በሕግ ከልክላለች፤ ያለ ምክንያት እንስሳ ማሠቃየት ነው ብላ። እስከዚያ ድረስ አልሄድም፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነው። አንተም መንጠቆ ከመጣልህ በፊት ስንት ላይ እንደምታቆም ወስን።

ፒንሳ በፖስታ ልኬልሃለሁ። እናትህ በርበሬና ሚጥሚጣ ጨምራበታለች። ሌይክ ትራውት ከያዝክ ቅባት ያለው ዓሣ ስለሆነ ዘይት አታብዛበት። ጓደኞችህንም ጥራቸውና አብራችሁ ብሉ።

አባትህ