ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው በአንድ ገመድ አይተማመን

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ክረምት ሲቃረብ በአዲስ አበባ ቤት ላይ ያዘመመ ባህር ዛፍ የሚያስቆርጥ ብዙ ነው። ቆራጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ ናይለን ገመድ ጠምጥሞ ይወጣል። ቢያመልጠው ያ ገመድ ሆዱንና የጎድን አጥንቱን ይጎዳል፤ ጭንና ዳሌን የሚይዝ ቀበቶ ያስፈልገዋል።

መጋዝ በእጅ ካለ ማሰሪያው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከላይ ከጠንካራ ግንድ የሚንጠለጠል፣ ሌላው ግንዱን አቅፎ የሚዞር። የሚዞረው ውስጡ የብረት ሽቦ ቢኖረው ይመረጣል፤ መጋዙ ሲያመልጥ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነውና።

ወፍራም ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ሲቆረጥ ሳያልቅ ተገንጥሎ ቅርፊቱን ከግንዱ እየላጠ ይወርዳል፤ ሰውየው የቆመው ደግሞ እዚያው ነው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር የውፍረቱን ሩብ ያህል መቁረጥ፣ ቀጥሎ ትንሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ከላይ ቆርጦ መጣል፣ የቀረውን ጉማጅ በመጨረሻ ማንሳት ነው። ከሥር ከመጠን በላይ ከተቆረጠ ቅርንጫፉ ተጭኖ መጋዙን ይነክሰዋል።

ሽቦ የሚነካ ዛፍ መብራት ሳይቋረጥ አይነካ። እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ሥራው እንደ ተራ የቀን ሥራ መታየቱ ያሳዝነናል። የሙያ ኮሌጆች ቢያስተምሩት ወጣቱ መሬት ላይ ገመድ ከመያዝና ከቋጠሮ ጀምሮ፣ መውጣትን፣ ከዚያም ራሱን የሳተ ባልደረባ ማውረድን ተምሮ ቡድን መሪ መሆን ይችላል። አሠሪዎችም ከዋጋው በፊት “መሬት ላይ ገመድ ይዞ የሚቆመው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ከዛፍ ቆራጮች