አዲስ የበቀለ የፊት ጥርስ አይሞረድ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጅማ ከተማ በጥርስ ሕክምና ሙያ የምሠራ የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ይዘው የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አዲስ የበቀለው የላይኛው የፊት ጥርስ «እንደ መጋዝ ሆኗልና ይሞረድልን» የሚል ነው። ጥያቄው ከልጅ ፍቅር የሚመነጭ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን አንዳች ሕመም ያልነበረበት ጥርስ ተሞርዶ፣ ልጁ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ተስኖት ወደ እኔ ሲመጣ በዓይኔ ስላየሁ፣ የዚህ ጥርስ ተፈጥሯዊ ቅርጽ ምን እንደሚመስል ለሕዝብ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ላይ ከፊት አራት ጥርሶች አሉን፤ ሁለቱ መሃል ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ትልልቆቹ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ደግሞ በግራና በቀኝ፣ ከክራንቻው በፊት የሚገኙት አነስ ያሉት ናቸው። በአዋቂ ሰው የመሃለኛው ጥርስ ኢናሜል በሚባለው ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን የተሸፈነው ክፍል ቁመቱ በአማካይ 10.5 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አጥንት ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ግን ወደ 13 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ከሚታየው የማይታየው ይበልጣል። አንባቢ መስተዋት ፊት ቆሞ ጥርሱን ቢያስተውል፣ ወደ መሃል የዞረው የጠርዙ ማዕዘን ቀጥ ያለ፣ ወደ ጉንጭ የዞረው ደግሞ ለስለስ ብሎ የተጠጋጋ መሆኑን ያያል። እኛም ከአፍ የወጣ ጥርስ ሲቀርብልን የቀኝ ይሁን የግራ የምንለየው በአመዛኙ በዚህ ነው። በምላስ በኩል ያለው ጀርባው ጎድጎድ ያለ ሲሆን፣ ወደ ድዱ ሲጠጋ ጎበጥ ይላል። በአነስተኛው ጥርስ ጀርባ ላይ አንዳንድ ጊዜ ጠባብ ቀዳዳ ስለምትኖር፣ ማንም ሳያየው መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አሁን ወላጆችን ወደሚያሳስበው ጠርዝ ልመለስ። የፊት ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የፊት ለፊቱ ገጽ ከሦስት ክፍሎች ተጋጥሞ ይሠራል፤ በጀርባው ያለው ጉብታም አራተኛው ክፍል ነው። ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ እነዚያ ሦስት ክፍሎች በጠርዙ ላይ ሦስት ትናንሽ ጉብታዎች ሆነው ይታያሉ። በቅርቡ ከሰቃ ጨቆርሳ የመጡ አንዲት እናት፣ «ዶክተር፣ የወተት ጥርሷ እንዴት ያምር ነበር፤ ይኼኛው ግን ተበላሽቶ ነው የበቀለው፣ እባክዎ ትንሽ ያስተካክሉልኝ» አሉኝ። የልጃቸውን ጥርስ ጠርዝ በጣታቸው እንዲዳስሱ ካደረግሁ በኋላ፣ አብሯቸው የመጣውን የ13 ዓመት ታላቅ ወንድሟን አፉን አስከፍቼ አሳየኋቸው። የእርሱ ጠርዝ ልሙጥ ነበር፤ ማንም አልሞረደውም፤ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በማኘክ ሲነካካ ጉብታዎቹ በራሳቸው ጊዜ ተበልተው አልቀዋል።

መሞረድ ጉዳት የሚያመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ በሚበቅልበት ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰው ስለሚጠፉ፣ አንድ ጊዜ የተነሣ ኢናሜል እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም። ከዚህም በላይ የ7 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ ገና ሥሩ ያላለቀ፣ ነርቭና ደም ሥር የሚገኝበት ውስጣዊ ክፍሉም ሰፊ ነው፤ ሥሩ ተሟልቶ የሚያልቀው ወደ 10 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለን ጥርስ ለመልክ ሲባል መሞረድ በእኔ እምነት ፈጽሞ ሊፈቀድ የማይገባው ነገር ነው።

ስለ ቀለሙም የሚጨነቁ አሉ። ቋሚው ጥርስ ከወተት ጥርስ ይልቅ ወደ ቢጫ የሚያደላው ከኢናሜሉ በታች ያለው ዴንቲን የሚባለው ቢጫማ የጥርስ ክፍል ስለሚያሳየው እንጂ ስላልተፋቀ አይደለም፤ ስለዚህ በከሰልና በጨው አጥብቆ መፈተግ አያነጣውም። ፍንጭትን በተመለከተ፣ በአገራችን የውበት ምልክት ሆኖ ሲወደስ የኖረ ነገር ዛሬ «ሽቦ ይታሰርለት» የሚያሰኝ መሆኑ ይገርመኛል። በ8 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ የመሃል ጥርሶች ተራርቀው፣ ጫፋቸውም ወደ ጎን ተከፍቶ መታየቱ የተለመደ ነው። ከ11 እስከ 12 ዓመት ገደማ የላይኛው ክራንቻ ሲወርድ ወደ መሃል ስለሚገፋቸው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ሕክምና ይጠባል። ከዚያ የሰፋውን ሐኪም አይቶ ይወስን።

ይህን ስል ወላጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። አንደኛው የመሃል ጥርስ ከበቀለ ስድስት ወር አልፎት ጓደኛው ካልወጣ፣ ልጁ አፉን ገጥሞ እያለ የላይና የታች የፊት ጥርሶቹ የማይገናኙ ከሆነ፣ ወይም አነስተኛው የጎን ጥርስ እንደ ችካል ሾጥጦ ከበቀለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጣት የመጥባት ልማድ ጥርሶቹ እንዳይገናኙ ሊያደርግ ይችላል፤ ካልተገናኙ ደግሞ እነዚያ ሦስት ጉብታዎች በአዋቂነትም ሳይበሉ ይቀራሉ። የመጀመሪያ ዓመታቸውን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጡ ያሳለፉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ቢበቅል፣ የመሃለኛው ጥርስ ኢናሜል ከተወለዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ጀምሮ እስከ 4 ወይም 5 ዓመታቸው ድረስ እየተሠራ ስለነበር ነው። ይህም ቢሆን በቤት ውስጥ በመፋቅ የሚለቅ እድፍ አይደለም።

ስለዚህ የጋዜጣችሁ የጤና አምድ የ8 ዓመት ልጅንና የአዋቂን የላይኛ የፊት ጥርስ ጎን ለጎን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከአጭር ማብራሪያ ጋር እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በትምህርት ቤት ሥዕሎች ላይ ልጆችም ወላጆችም ሲያዩ የኖሩት ጠርዙ ያለቀውን የአዋቂ ጥርስ ብቻ ነው። ወላጆቻቸው የፈቀዱልኝን ፎቶግራፎች ማብራሪያውን ጨምሬ ለዝግጅት ክፍላችሁ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥርስ ሐኪም
ከጅማ