ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ሰርቪሶቹ ኪራይ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ትንሿስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለብኝም።

በስልክ የነገርኸኝን ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። በስልክ እንዳልመልስልህ ሁልጊዜ ስትጣደፍ ነው የማገኝህ፤ እኔም ግማሹን ረስቼ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍሁልህ። ረጋ ብለህ አንብበው።

ያልኸው ይህ ነው። ደመወዝ ተጨምሯልና በግቢያችን የምናከራያቸው የሦስቱ ሰርቪስ ክፍሎች ወርኃዊ ኪራይ ለየአንዳንዱ ከ3,000 ብር ወደ 5,000 ብር ይውጣ። ከተከራዮቹ አንዷ፣ ነርሷ፣ ካልቻለች ትልቀቅ። አዲስ የሚገባው የስድስት ወር ቅድሚያ ይክፈል፤ በዚያ ገንዘብ ሶሌታ (የፎቁን ወለል ኮንክሪት) እንሙላና ከላይ ለእንግዳ የሚከራዩ ክፍሎች እንሥራ። ልጄ፣ ፎቁን አልጠላሁም። የስድስት ወሩን ቅድሚያ ግን አልቀበልም፤ ነርሷንም አላስወጣም።

ደመወዝ መጨመሩ እውነት ነው። ከመስከረም ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ወጥቷል። ግን እስኪ ቁጭ ብለህ አስላው። ግብሩ አለ፤ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ እጅ የሚገባው 9,000 ብር አይሞላም። ከዚያ ላይ ለአራት በሦስት ክፍል 5,000 ብር ከወጣ በቀረው ጤፍ ይገዛ፣ ዘይት ይገዛ፣ የባጃጅ ይከፈል? ይህች ነርስ ደግሞ በየወሩ አገር ቤት ላሉት እናቷ ትልካለች። ጭማሪው ገና ወሬ ሳለ፣ ነሐሴ ላይ፣ የሰፈራችን አከራይ ሁሉ ተከራዩን እየጠራ ዋጋ ከፍ አደረገ። ሠራተኛው ብሩን በዓይኑ ሳያይ ኪራዩ ቀደመው።

ከፊት ለፊታችን ያለውን ግቢ ታውቀዋለህ። ባለቤቱ እንደ እኛው በ3,000 ብር የተከራዩትን ሁለት መምህራን 5,000 ካልከፈላችሁ ብሎ አስለቀቃቸው። ክፍሎቹ መስከረምን ባዶ ዋሉ፣ ጥቅምትንም ባዶ ዋሉ። ደላላው በየቀኑ ሰው እያመጣ ያሳያል፤ ሰዉ በሩ ላይ ቆሞ ዋጋውን ይሰማና ይመለሳል። በመጨረሻ በ3,500 ብር አከራያቸው። በሁለቱ ወር ከእያንዳንዱ ክፍል 6,000 ብር አጥቷል። በ500 ብር ጭማሪ ያንን ለመመለስ ዓመት ይፈጅበታል፤ ለደላላው የከፈለውን ሳልቆጥር ነው።

ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል ያልኸውንም አስቤበታለሁ። አንተ የምታስታውሳት ባሕር ዳር ፈረንጅ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሄድባት፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ የሚመለስባት፣ ጢስ ዓባይ የሚወርድባት ከተማ ናት። በጣና ዳር ያሉት ሆቴሎችና ማረፊያዎች የተሠሩት በዚያ ተስፋ ነው። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሐይቁ ዳር አለፍሁ። ጀልባዎቹ በገመድ ታስረው ይንሳፈፋሉ፤ የአንዱ ሞተር በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ባለጀልባው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግናል። ከአስጎብኚነት ወደ ዓሣ የተመለሰ ሰው ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የእኛ ሰርቪሶች አንድ ወር ባዶ አልዋሉም። ለምን ብትለኝ፣ የጣና ዳር ክፍል ዋጋው በእንግዳ ነው፤ የእኛ ግን በደመወዝተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ሆስፒታሎቹ አሉ፣ የክልሉ ቢሮዎች አሉ። መምህር፣ ነርስ፣ ጸሐፊ፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ ቤት ያስፈልገዋል። እንግዳ አገር ሰላም ሲሆን ይመጣል፤ ነርስ ግን አገር ሲታመምም ሥራ ትገባለች። ሰላም ሆኖ እንግዳው እንዲመለስ ሌት ተቀን እጸልያለሁ። በጸሎቴ ላይ ግን ዕዳ አልከምርም።

ዓባይ ማዶ ዋጋው መውጣቱን አልክድህም። አዲሱ ድልድይ፣ ያ 380 ሜትር የሚረዝመው፣ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ሰፈራችን ሩቅ መባሉ ቀርቷል። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ፌሮውም፣ የቧንቧ ዕቃውም፣ ሴራሚኩም ሰማይ ነካ። ሰው ብሩን ባንክ ከሚያስቀምጥ ብሎኬት ያደርገዋል፤ ያንንም አልፈርድበትም፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ባንክ ያስቀመጥነው የአባትህ ገንዘብ እንዴት እንደሟሟ አብረን አይተናል። ነገር ግን የሠራ ሁሉ ያወጣውን በሁለት ዓመት ከተከራይ ልመልስ ሲል ተከራዩ ከየት ያመጣል?

አሁን ያልነገርሁህን ልንገርህ። ከመርዓዊ መጥቼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል የገባሁት በ1974 ነው። ያኔ ኪራይ የሚባል ነገር በግለሰብ ዘንድ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አድርጎ ነበርና፣ ቤት የሚያከራየው መንግሥትና ቀበሌ ብቻ ነበር። እኛ ወደ ከተማ የገባነው ልጆች ግን ቀበሌ ቤት ካለው ሰው ጋር ደባል ሆነን ነበር የምንኖር። ደባል ውል የለውም። ደረሰኝ የለውም። ባለቤቷ ፊቷ ከተለወጠ አለቀ።

አባትህን ካገባሁ በኋላም ደባል ነበርን። አንተን ስድስት ወር እንዳረገዝሁ፣ ሰኔ ላይ፣ ባለቤቷ “ልጅ ሲያለቅስ እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ በዚህ ሳምንት ሌላ ፈልጉ” አለችን። ሳምንቱ ሳይሞላ ዕቃችንን በረንዳ ላይ አወጣችው። የሣር ፍራሻችን ዝናብ ጠጥቶ ሁለት ሰው እንኳ አልሸከም አለ። አባትህ በዚያ ዝናብ ሲጎትተው፣ እኔ በአንድ እጄ ምጣዱን፣ በአንድ እጄ ሆዴን ይዤ ከኋላው ስከተል ዛሬም ይታየኛል። ይህን ቦታ በማኅበር ተደራጅተን በምሪት ስናገኝ፣ ገና ካስማ ሳይተከልበት፣ አባትህ መሬቱ ላይ ተቀምጦ “ከእንግዲህ ማንም ውጡ አይለንም” አለ። ነፍሱን ይማረው። በዚህ ግቢ ውስጥ ሰው “ውጪ” ሲባል መስማት አልችልም፤ በተለይ ከአንተ አፍ።

ሕጉም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ለክልል ከተሞች አፈጻጸሙ ለክልሉ የተተወ ነው ብለህ ትከራከረኝ ይሆናል። ተፈጻሚ ቢሆንም ባይሆንም፣ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ከአንዲት ነርስ አፍ ነጥቄ ሶሌታ ብሞላበት በዚያ ፎቅ ሥር ተኝቼ አላድርም።

ደግሞ ተከራይ ማለት ብር ብቻ አይደለም፤ አንተ ርቀህ ስላለህ አይታይህም። ግቢያችን አንድ ቆጣሪ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰው አንድ ላይ ከሰካ መብራቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማክሰኞ የነርሷ፣ ሐሙስ የባልና ሚስቱ፣ ቅዳሜ የእኔ እንጀራ ነው። ይህን ለማስማማት አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። ውኃ በፈረቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ይመጣል። ቧንቧው ሲያፏጭ ነርሷ ተረኛ ካልሆነች ቀድማ ትነሣና በርሜሎቹን ሁሉ፣ የእኔንም ጨምራ፣ ትሞላለች። ባለፈው ጥቅምት ደም ግፊቴ ተነሥቶ ስወድቅ ያነሣችኝ እርሷ ናት። ይህን ለአንተ እንዳትናገር አስምያት ነበር። አሁን ራሴ ነገርሁህ፤ አትደንግጥ፤ መድኃኒቴን አላቋርጥም።

ያሰብሁትን ልጻፍልህ። ኪራዩን ከጥር ጀምሮ 3,500 ብር አደርገዋለሁ፤ ነግሬያቸው ተስማምተዋል። ለሁለት ዓመት እንዋዋላለን። ቅድሚያ የአንድ ወር ብቻ። ፎቁን ከፈለግህ አንተ ከምታጠራቅመውና እኔ ከዕቁቡ ከማገኘው እንጀምረው፤ በመጀመሪያ ግን የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይስፋ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቆጣሪ ይግባ። እነዚህ ሳይሠሩ ከላይ ሰው ብንጨምር በክረምት ግቢው አያስኬድም። እንግዳ ሳይሆን ደመወዝተኛ የሚኖርበት ሆኖ ይሠራ፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ለየራሱ ያለው። እንዲያ ያለ ክፍል ዓባይ ማዶ ላይ ሲፈለግ ነው የማየው።

አንተ የምትረዳኝ እንዲህ ነው። ውሉን በኮምፒውተር ጻፍልኝና በሦስት ቅጂ አትመህ ላክልኝ። ጣሪያው ቢያፈስ የማሳድሰው እኔ መሆኔን፣ ልልቀቅ ብትል ወይም ልቀቂ ብላት ሁለት ወር ቀድመን እንደምንነጋገር፣ መብራቱ በሰው ቁጥር እንደሚካፈል አስገባበት። የኪራዩን ቁጥር በፊደልም ጻፈው።

ለጥምቀት እንደምትመጣ ቃል ገብተሃል፤ ትንሿን ይዘሃት ና። ስትመጣ ለሮቶው ጠንካራ የናስ መክፈቻ ግዛልኝ፤ ከዚህ የምገዛው ፕላስቲኩ ሦስት ወር አይቆይም፤ ነርሷም ሌሊት ሌሊት በጨርቅ እያሰረችው ነው።

እናትህ