እማዬ፣ ሽማግሌ መቀበል ይቅር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ግፊትሽ ከፍ ብሎ እንደነበር ወንድሜ ነገረኝ። አንቺ ግን በስልክ «ብርድ ነው» አልሽኝ። ለምን ትደብቂኛለሽ? ኪኒኑንም ጾም ነው ብለሽ እንዳታቋርጪ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ ለታመመ ሰው አይከለክሉም።

«ሳልሞት ሠርግሽን ልይ» ያልሽው ከሆዴ አልወጣም። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሰው አለ ስትዪኝ ክፍል ገባሁ ብዬ ዘጋሁት። በስልክ ከሆነ ታለቅሻለሽ። አንቺ ስታለቅሺ እኔ የምለው ይጠፋብኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

ሰው ሳላይ ቀርቼ አይደለም እማዬ። አንዱ ጣና ዳር ምሳ ጋበዘኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ ዓሣ አዘዝኩ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም ብሎ ጀመረ። ምግቡ እስኪመጣ ገሠጸኝ። ሲመጣ «እስቲ ልቅመሰው» አለና ለእኔ ጭንቅላቱ ቀረ። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ቦርሳውን መኪና ውስጥ ረስቶታል። መኪናው የጓደኛው ነው። ጓደኛው አዴት ሄዷል።

ሌላው ከታላቅ እህቱ ጋር መጣ። የጠየቀችኝ እሷ ናት። ደመወዝሽ ስንት ነው? ኮንዶሚኒየም ተመዝግበሻል? ጨጓራ አለብሽ? እሱ ማኪያቶውን እያማሰለ ዝም። አንዱ ደግሞ የቴሌግራም ሰው ነበር። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ሲቋረጥ እሱም አብሮ ጠፋ። ያ ሁሉ ወር አልፎ ኢንተርኔቱ ሲመለስ «ምሳ በላሽ?» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ።

ቤት ስገባ ጓደኛዬ ቡና አፍልታ ትጠብቀኛለች። እህትየዋን እየሆንኩ ስነግራት ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ያለቀስኩበትም ቀን አለ። በማግስቱ ግን ተማሪዎቼ ፊት እቆማለሁ። ይሄን ከአንቺ ነው የወሰድኩት። አባዬ በዚያ ክረምት በቅሎዋን ይዞ ሲሄድ ጎረቤት ሊያጽናናሽ መጣ። «በቅሎዋን የመረጠው መልስ ስለማትሰጠው ነው» ብለሽ ሁሉንም አሳቅሻቸው። ከዚያ ጤፉን ራስሽ አሳጨድሽ። እኔ በር ሥር ቆሜ አይሽ ነበር።

ስለ ጋብቻ ዕድሜ ሳስተምር ሁልጊዜ ትዝ ትይኛለሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይል ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። አንቺ ስትዳሪ 15 እንኳ አልሞላሽም። ማንም አልጠየቀሽም። ታዲያ እኔ ልምረጥ ስል ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?

አንድ ጊዜ መርጬም ነበር። ሽማግሌዎቹ ቢቸና ድረስ መጡ። «የሸማኔ ልጅ ቤቴ አይገባም» ብለሽ ከደጅ መለስሻቸው። ያን ቀን ትከሻሽ ላይ የነበረው ነጠላ የማን እጅ ሥራ ነበር እማዬ? ገና ስጠመቅ የታቀፍኩበትስ ጋቢ? እሱ አሁን ፍኖተ ሰላም ነው፣ አግብቷል። ልጆቹን አይቻቸዋለሁ፣ ያምራሉ። ከዚያ ወዲህ በመጣው ሁሉ ስቄ አልፌያለሁ። እሱን በመለስሽበት ግን መሳቅ አቅቶኛል። አንድም ቀን አላወራንበትም። አንቺ ስለ በርበሬ ታወሪያለሽ፣ እኔ ስለ ፈተና።

ይቅርታ በይኝ እያልኩሽ አይደለም። ሽማግሌ አትቀበዪልኝ ነው የምልሽ። ሰው ሳገኝ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ያኔ አጥንቱን ሳትጠይቂ አስገቢው። ሠርጌን እንድታዪ እኔም እፈልጋለሁ፣ በጣም። ስለምትሞቺ ብዬ ግን አላገባም። እንዲህ ስትዪኝ እንቅልፍ ነው የማጣው።

የእህቴ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ የምትወረውርልኝ አያቴ ናት ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ትልቁ ቁመቱ በልጦኛል፣ ሒሳብ ግን አልሆነለትም።

ሰኞ ደብረ ማርቆስ ለምርመራ ስትሄጂ የምትወስጂውን ኪኒን ሁሉ ከነካርቶኑ ያዢ። ጨው ቀንሻለሁ ብለሽ ለሐኪሙ አትዋሺ። ማታ ማታ ትንፋሽ እንደሚያጥርሽም ንገሪው፤ ወንድሜ ነግሮኛል። ካልነገርሽው የፈተናው ሳምንት እንዳለቀ በሞጣ በኩል መጥቼ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ።

ልጅሽ፣ ከባሕር ዳር