«እኛ ጋ ምንም አላሳየም»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ዋስትናው ገና ያላለቀው መኪናዬ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተር መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሲሞቅ ግን ጸጥ ነው። የሸጠልኝ ድርጅት ጋራዥ ስወስደው፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚተው የጥርስ ሕመም፣ ደህና ሆኖ ይገኛል። ተረካቢው «እኛ ጋ ምንም አላሳየም» ብሎ ቁልፌን ይመልስልኛል።

ቢቸግረኝ ሌላ መካኒክ ጠራሁ። ኮምፒውተሩን ሲሰካ «ፒ0302» የሚል ኮድ ወጣ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ከኮዱ ጋር ጥፋቱ ሲመዘገብ የነበረው የሞተር ሙቀት ጭምር ተቀምጧል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ቦቢና (ለሻማው ኤሌክትሪክ የሚልከውን ዕቃ) አቀያየረና አስነሳው። ኮዱ ወደ «ፒ0303»፣ ማለትም ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር፣ ዞረ። ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ድርጅቱ ግን «ውጭ አስነክተኸዋል፣ ዋስትናው ፈርሷል» አለኝ። (ሲያዩት ምንም የሌለው መኪና፣ ሌላ ሰው ሲያየው ተበላሸ!) መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መንዳት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታላይዘሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥላል፣ እሱ ደግሞ ከቦቢና እጅግ ይወደዳል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መኪናውን አሳድረው በቀዝቃዛው ያስነሱት። ጥፋት ባያገኙም ቅሬታዬን እንደተናገርኩት፣ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በሥራ ትእዛዙ ላይ ጽፈው ኮፒውን ይስጡኝ፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ «ቀድሞ አልነገርከንም» እንዳይሉኝ።

አንድ አንባቢያችሁ