በ2018 የትምህርት ዘመን ስለሚታዩት የተማሪዎች ቴአትሮች ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የኮሌጃችን የቴአትር ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? አዝመራው፣ ንግዱ፣ የቤተሰብ ጤናው ሁሉ መልካም እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ። የቴአትር ክፍላችን ዘንድሮ ተማሪዎች የሚሠሯቸውን ሦስት ቴአትሮች ለመድረክ ያበቃል፤ ልምምዱም ተጀምሯል። ልጆቻችሁ አመሻሽተው መግባት ሲጀምሩ «የምን ማምሸት ነው?» ማለታችሁ አይቀርምና፣ ምን እየሠሩ እንደሆነና ከእናንተ ምን እንደምንፈልግ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ነው፤ ኅዳር ውስጥ ይታያል። የትልቅ ሰው ወገን የሆነ የተማረ ወጣት የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል ከዘመድ ጋር የሚገጥመውን ሙግት ያሳያል። ኮሜዲ ነውና ያስቃል፤ የመረጥነው ግን ለሳቁ ብቻ አይደለም። «የማን ልጅ ናት? ወገኗስ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሽማግሌ በተላከ ቁጥር በየቤታችን ይነሣል። ተማሪዎቹ ጽሑፉን እንዳነበቡ ለሁለት ተከፍለው ተሟገቱ፤ ከዘመዶቹ ጎን የቆሙትም ጥቂት አልነበሩም። ቤታችሁ ስትገቡ እናንተም እንደዚያው እንድትከራከሩበት እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ይቀርባል። ይህን የጻፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ርዕሱን ገና አልተስማሙበትም። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አልታይ ሲል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጣ አንድ ሚኒባስ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሰኞ ገበያ ሊያልፍባት የደረሰ ነጋዴ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱ አዛውንትና ልጃቸው፣ ለኒካህ የተጠሩ ሚዜዎች፣ ሒሳቡ የጎደለበት ረዳት፣ ሁሉም እዚያች ጠባብ ወንበር ላይ ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠባበቃሉ። መድረኩ ላይ መኪና የለም፤ ሁለት ረድፍ አግዳሚ ብቻ ነው። ረዳቱን የሚጫወተው ልጅ መናኸሪያ እየዋለ የረዳቶችን አኳኋን ሲያጠና ሰነበተ። ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሐል ይሰካል፤ በአንድ እጁ በሌለ በር ላይ ተንጠልጥሎ ወገቡን ወደ ውጭ ይለቃል፤ ይኼኔ እኛ በሩን እናየዋለን። እንዴት እንደሚያልቅ አልነግራችሁም። ሐረጎን በጉም ወጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ግን ራሱን እዚያ ውስጥ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ለሕፃናት ነው። ከአያቶቻችሁና ከአያቶቻችን የሰማናቸውን የእንስሳት ተረቶች ተማሪዎቹ እያሰባሰቡ ነው፤ በግንቦት በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞሩ ያሳያሉ። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመርም የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት በእንስሳት ተረት ላይ የተመሠረተ ነበር። ቤታችሁ ተረት የሚያውቁ እናት አባት ካሉ ልጆቹ መጥተው እንዲቀዱ ፍቀዱላቸው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ለምን ዝግጅት እንደሌለ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን የሚገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ግማሹ ተማሪ ለማፍጠር፣ ግማሹ ለቅዳሴ በሚቸኩልበት ሰዓት ልምምድ ማካሄድ አይሆንም፤ ተመልካቹም ያው የዚህ ከተማ ሰው ነው። በእነዚያ ሳምንታት በክፍል ውስጥ ንባብና የመድረክ ዕቃ ሥራ ብቻ ይኖራል። ሁሉም ዝግጅት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በመስኮት ብርሃን መጨረስ ይቻላል፣ ሰውም በጊዜ ቤቱ ይገባል። ቁርጡን ቀን በጥሪ ወረቀት እንልካለን።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ሴት ልጅ ቴአትር ስትማር ብዙ ቤተሰብ ይሁን ይላል፤ መድረክ ልትወጣ ነው ሲባል ግን «ሰው ምን ይላል?» ይመጣል። ትልቅ ገጸ ባሕርይ የያዘች ልጅ፣ ዝግጅቱ ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው «ከእንግዲህ አትሄጂም» ተብላ የቀረችበት ጊዜ ነበር። የሷ ልፋት ብቻ አይደለም የባከነው፤ አብረዋት የተለማመዱት ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እሷም ትምህርቷን ብትቀጥልም እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ይህ ዘንድሮ እንዳይደገም አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አለች። መጀመሪያ ላይ ቃለ ተውኔቷን የምትናገረው ለወለሉ ነበር። መምህሯ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሄዶ ይቀመጥና «እኔ ጋ አልደረሰም» ይላታል፤ ደግማ ትላለች፣ አሁንም አልደረሰም ይላታል። ትከሻዋን እንድታላላ፣ ትንፋሿን ከሆዷ እንድታነሣ፣ ከመናገሯ በፊት ቀና ብላ ሰው እንድታይ አስተማሯት። ዛሬ ሳትጮህ ቃሏ የኋላው ግድግዳ ድረስ ይሰማል። ይህች ልጅ ነገ ክፍል ገብታ ብታስተምር፣ ፍርድ ቤት ቆማ ብትከራከር፣ ሬዲዮ ብትሠራ ይህ ድምፅ አብሯት ነው። በአገራችን ቴአትር መጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። እነ አስናቀች ወርቁ ስድቡን ችለው መድረኩን ለሴቶች ከፈቱት። ከኛው ከወሎ የወጣችው ማሪቱ ለገሠም አምባሰልን ስታዜም ያልኮራ ማን አለ? በሰው ልጅ የኮራን ሰዎች በራሳችን ልጅ ልናፍር አይገባም።

ሥጋታችሁን ግን አልንቅም፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ስለዚህ ልምምድ ባለበት ሰዓት ሁሉ አንዲት ሴት መምህርት አዳራሹ ውስጥ ትኖራለች። ልምምዱ ከ12 ሰዓት አያልፍም፤ የኮምቦልቻዎቹ መኪና እንዳያመልጣቸው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃሉ፣ ጉም ከወረደም ከዚያ በፊት። ማንኛውም ወላጅ ሳያስታውቅ መጥቶ ልምምድ መመልከት ይችላል። በሩ ላይ የልጃችሁን ስም መናገር ይበቃል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ለ«ያላቻ ጋብቻ» ያረጀ ካባ፣ የድሮ ጥለት ያለው ቀሚስ፣ ባርኔጣና ከዘራ፣ ለሚኒባሱ ደግሞ ሽርጥ፣ ኩታ፣ ዘንቢልና ማዳበሪያ ያስፈልገናል። የምትሰጡን ዕቃ ሁሉ በስማችሁ ተመዝግቦ፣ የልጃችሁ ስም በጨርቅ ተሰፍቶበት፣ ታጥቦ ይመለሳል። ማስታወሻ ያለበትን፣ ቢጠፋ የማይተካውን ግን አትስጡን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ወረቀት ፈርማችሁ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በልጃችሁ እጅ ላኩልን። ልጃችሁ መድረክ እንዳትወጣ ወይም እንዳይወጣ የምትፈልጉበት ምክንያት ካለ ወረቀቱን ባዶ ከመመለስ ይልቅ መጥታችሁ አነጋግሩኝ፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ አለሁ። ሰኞ ገበያ መሆኑን ስለማውቅ ለዚያ ቀን ማንንም አልጠራም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የኮሌጁ ዳይሬክተር