የመድኃኒቱ ጠርሙስና የመሐል ጣት፦ የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሙዚቃ ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር መጀመሪያ ሲሆን፣ በመዝገብ የሰፈሩት አባላት 21 ነበሩ። ቁጥሩ ከቀድሞው ያነሰው በፒያሳና በዙሪያዋ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ሰፈራቸው ለልማት በመነሣቱ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ስለተዛወሩ ነው። ከቀሩትም መካከል ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለልምምድ ቆይተው፣ ከአራት ኪሎ በሁለት ታክሲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ስለዚህ አስቀድሜ የማመሰግነው የእነዚህን ልጆች እራት እያቆዩ የጠበቁ ወላጆችን ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ፣ እንደ ልማዳችን፣ እያንዳንዱ አባል ምን መማር እንደሚፈልግ ጠየቅሁ። ክበቡን በተጠሪነት በያዝኩባቸው ዓመታት ሴቶች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ድምፃዊነትን፣ ጥቂቶችም ኪቦርድን ሲመርጡ አይቻለሁ፤ ዘንድሮ ግን ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሊድ ጊታር (በባንድ ውስጥ ዜማውን የሚመራውን ጊታር) መማር እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከኋላ ከተቀመጡት ወንዶች አንዱ «ሴት ሊድ ስትመታ አይተን አናውቅም» አለ። በክፋት አልተናገረውም፤ በእርግጥም አላየም። ክራሯን አቅፋ መድረክ ላይ ታንጎራጉር የነበረችውን አስናቀች ወርቁን እንኳ በስም እንጂ በሥራዋ አያውቃትም ነበር። በማግሥቱ የአስናቀችን ክራር አስደመጥኳቸው፤ ቀጥሎም የዓመቱን ዕቅድ በአንዲት የብሉዝ ሮክ (ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ የወጣ ሮክ) ጊታር ተጫዋች አጀማመር ዙሪያ እንድናደርገው ሐሳብ አቀረብኩ። የመረጥናት አሜሪካዊቷን ቦኒ ሬይትን ነው።

ቦኒ ሬይት እ.ኤ.አ. በ1949 በካሊፎርኒያ ተወለደች። አባቷ ጆን ሬይት በብሮድዌይ የሙዚቃ ተውኔቶች ስመ ጥር ድምፃዊ፣ እናቷም ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ እርሷ ግን በ8 ዓመቷ ለገና የተሰጣትን ጊታር ይዛ፣ ከሸክላ እየሰማች በራሷ ተማረች። በ14 ዓመቷ ገደማ ከኒውፖርት ፌስቲቫል የተቀረጸ የብሉዝ ሸክላ እጇ ገባና ልቧ ወደ ጥንቶቹ የደቡብ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች አዘነበለ። ልጆቹን ይበልጥ የማረካቸው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ራድክሊፍ ኮሌጅ ስትገባ ካጠናቻቸው መስኮች አንዱ የአፍሪካ ጥናት ነበር፤ ሐሳቧም ጁሊየስ ኔሬሬ አዲስ ሥርዓት ወደሚገነቡባት ታንዛኒያ ሄዶ መሥራት ነበር። «ለእኛ ጎረቤት ልትሆን ነበር» ያለችው ተማሪ ብዙም አልተሳሳተችም። ከዚህ ሐሳብ የመለሳት የአረጋውያኑን የብሉዝ ሰዎች ጉዳይ ከሚያስፈጽመው ከዲክ ዋተርማን ጋር መተዋወቋ ነው። ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ፊላደልፊያ ሄደች፤ በዕድሜ አያቶቿ ከሚሆኑት ከእነ ፍሬድ ማክዳውል ጋር በአንድ መድረክ እየተጫወተች፣ ከመድረክ በኋላም አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን እያየች ሙያውን ቀሰመች። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሟን የቀረጸችው በትልቅ ስቱዲዮ ሳይሆን፣ በሚኒሶታ በሐይቅ ላይ በሚገኝ የበጋ ካምፕ፣ ባለ አራት ትራክ መቅረጫ ተተክሎ፣ ሁሉም በአንድነት እየተጫወቱ ነው። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ የእኛን ጠባብ ክፍል ዙሪያውን እንደቃኙት አስታውሳለሁ።

በዚያው አልበም የሲፒ ዋላስን ሁለት ዘፈኖች ተጫውታለች። ሲፒ ዋላስ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ሸክላ ያስቀረጸች ቀደምት የብሉዝ ድምፃዊት ስትሆን፣ በኋላ ግን ብዙ ሰው ዘንግቷት ነበር። ቦኒ ዘፈኖቿን በመጫወት ብቻ አልተወሰነችም፤ አሮጊቷን አብራት መድረክ ላይ አውጥታታለች። እኔ በበኩሌ ከሽልማቶቿ ሁሉ ይህን አበልጣለሁ። ሽልማቱም ቢሆን ዘግይቶ ነው የመጣው፤ «ኒክ ኦፍ ታይም» የተሰኘው አልበሟ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ግራሚ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990፣ ከመጀመሪያው አልበም ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞሉ ሲቃረቡ ነው።

የልምምዱ ሥራ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነበር። የጀመርነው ከምናውቀው ነው። ባቲ ማይነር በምንለው ቅኝት ውስጥ ያሉት አምስት ድምፆች፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ የብሉዝ ተጫዋቾች ሊድ ለመምታት ከሚመሠረቱባቸው ድምፆች ጋር አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የብሉዝ ተጫዋች ሁለተኛውን ድምፅ፣ ዶን፣ ክሩን ጎትቶ በጥቂቱ ከፍ ማድረጉ ላይ ነው። ልጆቹ ይህን በጆሯቸው ሲያገኙት ጊታሩ የእንግዳ መሣሪያ መምሰሉን ተወ።

የቦኒ ሬይት መለያ ግን ስላይድ ነው፤ ይኸውም ጣት ላይ ያጠለቁትን ጠርሙስ በክሮቹ ላይ እያንሸራተቱ መጫወት ነው። ለዚህም ከስድስቱ የጊታር ክሮች ሦስቱን፣ ሁለቱን ወፍራሞችና መጨረሻ ያለውን ቀጭን፣ በአንድ ሙሉ ድምፅ አላላናቸው። እንዲህ ሲሆን ክሮቹ ሳይያዙ ሲመቱ ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ የሚሉ ሙሉ ኮርድ ይሰጣሉ። ጠርሙሱ ፍሬቱን (በአንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች) እንዳይነካ ክሮቹን ከፍ ለማድረግ፣ በጊታሩ አንገት ጫፍ ከክሮቹ ሥር ቁራጭ እርሳስ አስገባን። ስላይዱ ራሱ ከቤት የመጣ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ነው፤ ወረቀቱ በሞቀ ውኃ ተዘፍዝፎ ተልጧል። አጎቱ ማሲንቆ የሚመታ አንድ አባል መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ነበርና፣ ጣቱ የጭራውን ክር ወደ እንጨቱ ሳይጫን በጎን እየነካ እንዴት እንደሚንሸራተት ሲያሳያቸው፣ እኔ በሦስት ሳምንት ያላስረዳሁትን በአንድ ከሰዓት ተረዱት።

እዚህ ላይ ስሕተቴን መጻፍ ይገባኛል። እኔ በተማርኩበት መንገድ ጠርሙሱ በቀለበት ጣት መግባት አለበት ብዬ ጸናሁ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ በመሐል ጣቷ ስታደርገው አስወልቃት ነበር፤ ከኅዳር እስከ ጥር እጇ ሳይፈታ፣ ድምፁም እየተንቀጠቀጠ ቆየ። ከሴሚስተሩ ዕረፍት ስትመለስ የቦኒ ሬይትን የመድረክ ቪዲዮ በስልኳ ይዛ መጣችና ምንም ሳትናገር አሳየችኝ። ቦኒ ጠርሙሱን የምታጠልቀው በመሐል ጣቷ ነው፤ ሌላ ሰው እንዴት እንደሚይዘው ከማየቷ በፊት በራሷ ስለ ጀመረችው እንደዚያው ቀረ። ልጅቷን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፁ ጠራ።

በሰኔ ወር በተከበረው የወላጆች ቀን ክበቡ ያቀረበው ባለ 12 ባር፣ ማለትም ዙሩ በ12 የምት ክፍሎች የሚሞላ፣ ብሉዝ ነው። በብሉዝ ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ይደገምና ሦስተኛው ይመልስለታል፤ ግጥሙን የጻፈችው ያችው ተማሪ ናት፦

የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ መሸብኝ ከመንገድ፣
የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ መሸብኝ ከመንገድ፣
ጊታሬ ብቻ ናት ከኔ ጋር የምትሄድ።

ጓደኛዋ ሪትም ጊታር ይዛላት፣ በጥቅምት ወር ያን አስተያየት የሰጠው ልጅም ቤዝ እየመታ፣ በየስንኙ መካከል ባለው ክፍተት እርሷ በጠርሙሱ ትመልስ ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ እኔ ዘንበል ብለው ማሲንቆው የታለ ብለው ጠየቁኝ፤ ወደ ልጅቷ እጅ አመለከትኳቸው።

ክበቡ በአሁኑ ጊዜ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሁለት አኩስቲክ ጊታሮች፣ አንድ ቤዝ ጊታርና አንድ አምፕሊፋየር አለው፤ ከአኩስቲኮቹ አንዱ ቀጭኑ ክር ተበጥሶበታል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ስትጫወትበት የቆየችው ልጅ ለመጪው ዓመት ለተመዘገበች አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሰጥታታለች። የልጅቷ ጣት ቀጭን በመሆኑ ጠርሙሱ እየሰፋ ያስቸግራታልና፣ ጠበብ ያለና አንገት የሌለው ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ቤቱ ያለው ሰው በመምህራን ክፍል እንዲተውልን እንጠይቃለን።